ቢጫዋ ስምንት መቶ ሃምሳ

«ደስዬ እንደሆነች ምን ዕቃ አላት? አንድ አልጋ፣ አንድ ሻንጣ። ግማሽ ቀን አይፈጅም፣ ክፍሉ ባዶ ይሆናል።»

ተናጋሪዋ አይዳ ናት፤ ጊዜው የመጋቢት እሁድ ጠዋት፣ ከአሥራ ሁለት ሰዓት ትንሽ አለፍ ብሎ ነበር። የምታወራው ከባሏ ከፈለቀ ጋር ነው። ከቺፕውዱ ግድግዳ ወዲህ ደግሞ የፈለቀ ታናሽ እህት ደሳለች አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀምጣ የጫማዋን ክር ታስር ነበር፤ ክሩን በጣቶቿ እንደያዘች ቀረች። ግድግዳው ሳል ያሳልፋል፣ የሻይ ማንኪያ ድምፅ ያሳልፋል፤ ይህን የቤቱ ሰው ሁሉ ያውቀዋል፤ ግን አርባ ስድስት ዓመት የሞላትና ትዳር የሌላት ሴት አብራ ስትኖር ቆይታ እንደ ቁም ሣጥን ትቆጠርና መስማቷ ይረሳል።  ፈለቀ «ማን ይነግራታል?» ሲል ተሰማ። አይዳም ዝግጁ ነበረች፤ «አበራሽ ደውላ ‹ሃዋሳ ነዪ፣ ብቻዬን ሆንኩ› ትላታለች። እህቷ አይደለች? ከልጅህ ከሄራን ሠርግ በፊት ትሄዳለች። የሙሽራው ወላጆች ዛሬ ሲመጡ ልጆቹ የሚገቡበትን ክፍል ማየታቸው አይቀርም፤ እኔ አፍሬ አልቀመጥም» አለች። ፈለቀ ዝም አለ። ደሳለች የወንድሟን ዝምታ ከልጅነቷ ጀምሮ ታውቀዋለች። እሺ ማለቱ ነው።

ክፍሉ አባታቸው ሸማ ይሠሩበት የነበረ ነው። ከጋሞ ደጋ መጥተው ቁስቋም ዳገት ላይ ይቺን ቦታ ሲያገኙ መጀመሪያ የቆፈሩት መሠረት ሳይሆን የሽመና ጉድጓዱን ነበር ይባላል። አባትየው ካረፉ በኋላ ጉድጓዱ በሲሚንቶ ተደፈነ፤ ክረምት ሲገባ ግን ሲሚንቶው ያልባል፤ በወለሉ መሐል የጉድጓዱ ቅርጽ እርጥብ ሆኖ ይወጣል። ደሳለች አልጋዋን ከዚያ ላይ አርቃ ግድግዳው ጥግ አድርጋ ስትኖር አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሆናት። ፈለቀ በሽሮ ሜዳ የአባቱን ሱቅ ይዞ የሀገር ባህል ልብስ ይሸጣል፤ እሷ የመንጃ ፈቃድ ማሠልጠኛ ውስጥ አሠልጣኝ ናት። ሥራዋ ከሾፌሩ ጎን ተቀምጦ «ቀስ፣ ቀስ፣ ፍሪሲዮኑን ቀስ ብለሽ ልቀቂ» ማለት ነው። በቀን ስምንት ሰው፣ በስምንት ቁጥር ዙሪያ፣ በፕላስቲክ ኮኖች መሐል። ከደመወዟ ለቤቱ አስቤዛ ስታዋጣ፣ ጣሪያው ሲያፈስ ስታስጠግን፣ ቤቱ የማን ነው የሚል ጥያቄ አንስታ አታውቅም። የወላጆቿ ቤት ነበር፤ ሌላ መልስ የሚያስፈልገው አልመሰላትም።

ክሩን አስራ ወጣች። ግቢው ጥግ ላይ በሸራ የተሸፈነችውን መኪናዋን ገለጠቻት። ቢጫ፣ ሁለት በር፣ ከአብዛኛው ሰው ወገብ ብዙም ከፍ የማትል ፊያት ስምንት መቶ ሃምሳ ኩፔ ናት፤ ከደሳለች በዕድሜ ትበልጣለች። ከአራት ዓመት በፊት ከጋሽ ደቻሳ ጋራዥ ጓሮ፣ ዶሮ ሲያድርባት አግኝታ ገዛቻት። ጋሽ ደቻሳ ሞተሯን አውርደው እንደገና ሠሩላት፤ ከዚያም እሁድ እሁድ ባዶ ሜዳ ላይ ጡብ እየደረደሩ፣ በእጅ ሰዓታቸው እየያዙ አስነዷት። «ያለፍሽውን ተዪው፤ ሦስተኛውን ጡብ እዪ» ይሏት ነበር። ባለፈው ዓመት ስትሮክ መታቸውና ልጃቸው አዳማ ወሰደቻቸው። ከዚያ ወዲህ ደሳለች ሰዓቷን የምትይዘው ራሷ ናት፤ እያነዱ ሰዓት መያዝ ደግሞ አይሆንም።

ሞተሩን ስታስነሳ ፈለቀ ፎጣ ትከሻው ላይ ጣል አድርጎ ወጣና የግቢውን በር ከፈተላት።

«ቸርች አትሄጂም?»

«ዛሬ ጉዳይ አለኝ፣ ጋሼ።»

«ምሳ ላይ እንግዶች አሉብን...»

«አውቃለሁ።»

«ማን ነገረሽ?»

አየችው። እሱ የበሩን ብረት አየ፤ ቀለሙ የተላጠበትን ቦታ በአውራ ጣቱ ፋቅ ፋቅ አደረገ። መኪናዋ ወጣች፣ በሩ ከኋላዋ ተዘጋ።

ሽሮ ሜዳ ሱቆቹ አልተከፈቱም። ነጠላ የለበሱ ሰዎች ከቅዳሴ ይመለሳሉ፤ ከእንጦጦ እንጨት ተሸክመው የሚወርዱ ሴቶች በአስፋልቱ ዳር አጎንብሰው ያልፋሉ። በጳውሎስ በኩል ዞራ፣ ሆስፒታሉ በር ላይ ካርድ ለማውጣት የተሰለፈውን አስታማሚ አልፋ፣ ወደ አዲሱ ገበያ ወጣች። ከዚያ በላይ ያለው የከባድ መኪና ማቆሚያ በዓመት ሁለት እሁድ ለአማተሮች የመኪና ውድድር ይለቀቃል። መኪና ከመኪና ጋር አይሽቀዳደምም። አስፋልቱ ላይ ኮኖች ይደረደራሉ፣ አንድ መኪና ብቻውን ይገባል፣ ሰዓት ይያዝበታል። የተገጨ ኮን ሁሉ ሁለት ሰከንድ ያስጨምራል። እያንዳንዱ ሰው ሦስት ጊዜ ይነዳል፤ ከሦስቱ ጥሩው ይያዝለታል። ደሳለች ይህን ውድድር ለሁለት ዓመት ከአጥር ውጭ ቆማ አይታዋለች። ዘንድሮ ተመዘገበች።

ሃያ ስድስት መኪና ነበር። አብዛኞቹ ከጓደኛ፣ ከእጮኛ፣ ከወንድም ጋር የመጡ ወጣቶች ናቸው፤ ዣንጥላ ተክለው፣ ወንበር ዘርግተው፣ ሳምቡሳ ይገምጣሉ። የአንድ ጎማ ዋጋ ብቻ ከደሳለች የሁለት ወር ደመወዝ የሚበልጥ መኪና ይዘው የመጡም አሉ። መዝጋቢው ኑሕ የሚባል መነጽራም ሰው ነው፤ ወረቀቷን አየ፣ መኪናዋን አየ፣ «ባለቤቷ የት አለ? ማለቴ... የሚነዳው?» አለ። «እኔ ነኝ» አለች። ይቅርታ ጠይቆ አሥራ ሰባት ቁጥር ሰጣት። ቁጥሩን በሯ ላይ ስትለጥፍ ለሊሳ የሚባል ረዥም ልጅ፣ አምና አንደኛ የወጣው፣ ጓደኞቹን አስከትሎ መጣ። የእሱ ጉልበት ጨማሪ ቱርቦ የተገጠመላት ብርማ መኪና ከወዲያ ቆማ ታጉረመርማለች። የደሳለችን መኪና የፊት ኮፈን ከፈት አደረገና ትርፍ ጎማና ጨርቅ ብቻ ሲያይ በሳቅ ፈነዳ።

«ማዘር፣ ሞተሩን ቤት ረስተሽው መጣሽ እንዴ?»

«ከኋላ ነው። አይተህ ስትጨርስ ክደነው።»

ጓደኞቹ በእሱ ሳቁበት። ክፉ ልጅ አልነበረም፤ ኮፈኑን ቀስ ብሎ ከደነው። ቢሆንም ቀኑን ሙሉ መኪናዋ «ሎሚ» ስትባል ዋለች። «ሎሚ መቼ ነው የምትገባው?» «ሎሚ ከደረሰች ቀስቅሱኝ!»

ከመነዳቱ በፊት ሁሉም ኮኖቹን በእግሩ እየዞረ ያያል። ሌሎቹ ሁለት ሦስት ሆነው፣ በእጃቸው እየጠቆሙ ዞሩ። ደሳለች ብቻዋን ዞረች። አርባ አንድ ኮን ቆጠረች። መሐል ላይ ያለው ጠምዛዛ ስምንት ቁጥር እንደማለት ነው፤ እየጠበበ ይሄዳል። በዚህ ዓይነት ቦታ ላይ ስንት ሰው «አልችልም» ብሎ መሪ ሲለቅባት፣ ስንቱን በአንድ እጇ መሪውን ይዛ እንዳወጣችው አሰበች። ያንን ለመናገር ወደ ጎኗ ዞር አለች፤ ሰው የለም። ከጋሽ ደቻሳ ጋር የለመደችው ነው፤ ሃሳብ ሲመጣላት ወደ ቀኝ መዞር።

የመጀመሪያ ተራዋ ሲደርስ ሄልሜቷን አጠለቀች፤ ውስጡ ጸጥ ይላል፤ በዚያ ጸጥታ ውስጥ የአይዳ ድምፅ መጣ። አንድ አልጋ፣ አንድ ሻንጣ። አረንጓዴው መብራት ሲበራ ዘግይታ ተነሳች፣ ጠምዛዛው ላይ ስለ ሻንጣው እያሰበች ገባች፣ ሁለት ኮን ገጭታ አንዱን ከሥሯ ጎተተችው። ስትወጣ ኮኑ ከመኪናዋ ሆድ ሥር ይጮህ ነበር። ሰው ሳቀ። ሃምሳ ስምንት ሰከንድ ከዘጠኝ፣ ቅጣቱ ሲጨመር ስልሳ ሁለት ከዘጠኝ። ሃያ አራተኛ። ለሊሳ ሃምሳ አምስት ከሁለት አስመዝግቦ ከሁሉ በላይ ነበር። ደሳለች ከመኪናዋ ሥር ተንበርክካ ኮኑን ራሷ አወጣችው። በሥራዋ ላይ ተማሪ ሲገጭ ወርዳ የምታነሳው እሷ ናትና እጇ ይህን ለምዷል።

ከዚያ ዝናብ ጣለ፤ የበልግ ዝናብ፣ ሩብ ሰዓት የሚቆይ። ወጣቶቹ እየተሳሳቁ ወደ ዣንጥላቸው ሮጡ። ደሳለች መኪናዋ ውስጥ ተቀምጣ መስታወቱ በትንፋሿ ሲደበዝዝ አየች። ሁለተኛው ዙር በእርጥብ አስፋልት ነበር። ጉልበት ያላቸው መኪኖች ጎማቸው ባዶውን እየተሽከረከረ፣ ጭራቸው እየዞረ፣ ስልሳ አንድ፣ ስልሳ ሦስት ሰከንድ እያሉ ገቡ። ትንሿ ቢጫ ግን ክብደቷ ከኋላ ጎማዎቿ ላይ ነው፤ ለማንሸራተት የሚበቃ ጉልበትም የላትም። ደሳለች ለተማሪዎቿ የምትለውን ለራሷ አለች፤ ቀስ። ሃምሳ ሰባት ከአራት፣ አንድም ኮን ሳትነካ። በዚያ ዙር ከሁሉ የፈጠነችው እሷ ነበረች። የሚስቅ አልነበረም። ማጨብጨብ የጀመረ አንድ ሁለት ሰው ነበር፣ ወዲያው ተወው።

ፀሐይ ወጣ፣ አስፋልቱ እንፋሎት እየተነነ ደረቀ። ለሦስተኛው ዙር ተሰልፋ ሳለ ስልኳ ጮኸ። ፈለቀ ነው።

«ደሱ፣ የት ነሽ? እንግዶቹ ደርሰዋል።»

«አልጨረስኩም።»

«ምኑን?»

ልትነግረው አሰበች። ከፊቷ ሦስት መኪና ነበር፤ ጊዜ ነበራት። ግን ከየት ይጀመራል? መኪናዋ አራት ዓመት ግቢው ውስጥ ስትቆም አንድ ቀን እንኳ ለምን እንደገዛቻት አልጠየቃትም። «ደሱ፣ ሰው እየጠበቀ ነው እኮ። አይዳ ብቻዋን ናት...»

«ጋሼ፣ ተራዬ ደርሷል» አለችና ዘጋችው። በሕይወቷ ስልክ ዘግታበት አታውቅም። ስልኩን ኪሷ ከትታ ሄልሜቷን አጠለቀች።

በዚያኛው ዙር ስለ ማንም አላሰበችም። መብራቱ ሲበራ ሞተሩ ከጀርባዋ ጮኸ፣ ሁለተኛ ማርሽ አስገባች፣ ከዚያ በኋላ ማርሽ መቀየር አላስፈለጋትም። የመጀመሪያዎቹ ኮኖች በጎኗ ሲያልፉ ዓይኗ ሦስተኛው ላይ ነበር፣ ከዚያ ከእሱ በኋላ ባለው ሦስተኛ ላይ። ጠምዛዛው ሲመጣ ፍሬን ቀድማ ነካችና ለቀቀች፣ መኪናዋ ጭራዋን ትንሽ ዘርጋ አድርጋ ራሷ ዞረች፤ ደሳለች መሪውን የያዘችው እንደ ሕፃን እጅ ነበር፤ ሳትጨብጥ። ቀጥ ያለው ላይ ቢጫዋ ያላትን ሁሉ ሰጠች፤ ያላት ብዙ አይደለም። ስትወጣ የሰዓቱ ሰሌዳ ሃምሳ አራት ከስምንት ይላል።

ለሊሳ ከእሷ በኋላ ገባ። ቱርቦው እየጮኸ፣ ጎማው እየጨሰ፣ ሃምሳ አራት ከአንድ ነዳ፤ ጓደኞቹ ዘለሉ። ከዚያ ኑሕ ጠምዛዛው አጠገብ ሄዶ አንድ የወደቀ ኮን ወደ ላይ አንስቶ አሳየ። ሁለት ሰከንድ። ሃምሳ ስድስት ከአንድ ሆነ፤ የመጀመሪያው ሃምሳ አምስት ከሁለት ቢያዝለትም ቢጫዋ ትቀድመዋለች። ከዚያ ለሊሳ ራሱ ሄልሜቱን አውልቆ ወደ እሷ መጣ።

«ማዘር፣ ስንት ዓመት ነዳሽ?»

«እኔ ማሠልጠን ነው ሥራዬ።»

«ማንን?»

«እንዳንተ ያለውን።»

ሳቀ፤ ከልቡ። እጇን በሁለት እጁ ጨበጠ። ዋንጫ ሰጧት፤ ከስንዝር የማይበልጥ፣ ሥሩ እምነ በረድ የሚመስል። ፎቶ አንሺው «ቤተሰብ፣ ጓደኛ ካለ ይጠጋ» አለ። ሁለተኛና ሦስተኛ የወጡት ዙሪያቸው በሰው ተሞላ። ደሳለች ከቢጫዋ መኪና ጎን ቆመች። ፎቶ አንሺው ካሜራውን ዝቅ አድርጎ ወደ ግራና ወደ ቀኝ አየ፣ ጠበቀ። «አንሳው» አለችው።

ከሰዉ ራቅ ብላ አዳማ ደወለች። የጋሽ ደቻሳ ልጅ አነሳች። አባቷ ተኝተው ነበር፤ ቢነቁም መናገር አይችሉም፤ መስማታቸው ግን ደህና ነው አለች። «እንግዲያው ሲነሱ ደሳለች አንደኛ ወጣች በያቸው።» «በምን?» «እሳቸው ያውቁታል።» ልጅቷ እሺ አለች፤ ከወዲያ ሕፃን ያለቅስ ነበርና ስልኩ ቶሎ ተዘጋ።

ቤት ለመግባት አልቸኮለችም። ጳውሎስ አጠገብ ካሉት ካፌዎች አንዱ ውስጥ ገብታ ማኪያቶ አዘዘች፤ ሰባ ብር ሆኗል። ዋንጫውን ጠረጴዛው ላይ አኖረችው። ካፌው ነጭ ጋውን በለበሱ ተማሪዎችና ውጤት በሚጠብቁ አስታማሚዎች ሞልቷል፤ ሁሉም የራሱ ጉዳይ አለው። አስተናጋጇ ጠረጴዛውን ልትወለውል መጥታ ዋንጫውን ብድግ አደረገችና «ይሄን ሰው ረስቶት ነው?» አለቻት። «የኔ ነው» አለች ደሳለች። አስተናጋጇ ወልውላ መልሳ አስቀመጠችው።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ቁስቋም ስትደርስ የእንግዶቹ መኪና የእሷ ቦታ ላይ ቆሟል። ውጭ አቁማ ገባች። በረንዳው ላይ ፍራሿ ተጠቅልሎ ግድግዳው ላይ ተደግፏል። ሻንጣዋ፣ ሁለት ካርቶን፣ ጫማዎቿ በፌስታል፣ ከሥሩ ደግሞ የተፈታታው አልጋዋ። የክፍሏ በር ወለል ብሎ ተከፍቷል፤ ተጠርጓል፣ የዲቶል ሽታ ይሸታል። የሙሽራው እናት መሐል ወለሉ ላይ ቆመው «ቁም ሣጥኑ እዚህ ቢሆን» እያሉ በክንዳቸው ይለካሉ። አይዳ ከአጠገባቸው ናት። ፈለቀና የሙሽራው አባት አቶ ግዛቸው በረንዳው ላይ ወንበር ይዘው ለስላሳ ይጠጣሉ።

ደሳለች እንግዶቹን በየተራ ሰላም አለች፤ ጉንጭ ሳመች፣ ጤናቸውን ጠየቀች። ከዚያ ዋንጫውን ሻንጣዋ ላይ አስቀምጣ የፍራሹን አንድ ጫፍ ይዛ ወደ ክፍሉ መጎተት ጀመረች።

«ደስዬ፣ ተዪው፣ በኋላ እናወራለን» አለች አይዳ ድምጿን ዝቅ አድርጋ።

«ምን እናወራለን? ክፍሌ ነው። ሃዋሳ የምሄድበት ጉዳይ የለኝም። ሄራን ክፍሉን ከፈለገች ራሷ ትጠይቀኝ።»

 ሙሽራዋ ሄራን፣ የፈለቀ ልጅ፣ ሰሐን ይዛ ከኩሽና ስትወጣ ደርሳ በሩ ላይ ቆመች። ደሳለች ወንድሟን አየችው። ፈለቀ ከወንበሩ ብድግ አለ፤ ሚስቱን አየ፤ ተመልሶ ተቀመጠ። ፍራሹ በሩ ጉበን ላይ ያዘ። ሽማግሌው አቶ ግዛቸው ጠርሙሳቸውን መሬት አስቀመጡና ተነሱ፤ ሌላኛውን ጫፍ ያዙ። «እኛ ሰው ያለበት ክፍል መሆኑን አላወቅንም፣ ልጄ» አሏት። ሁለቱ አስገቡት። ፈለቀ አንገቱን እንደደፋ ነበር። ደሳለች የወንድሟን ማፈር ስታይ ደስ አላላትም፤ የታገሠችውም ይህን ላለማየት ነበር መሰላት። እንግዶቹ ቡና ሳይጠጡ፣ ቸርች ሌላ ፕሮግራም አለብን ብለው ሄዱ።

አልጋውን ብቻዋን ስትገጥም፣ ብሎኑን ስታጠብቅ፣ ከግድግዳው ወዲያ ጸጥ ብሎ ነበር። ዛሬ ሁሉም ግድግዳውን አስታውሶታል። ሊመሽ ሲል በሩ ተንኳኳ። ማንኳኳት በዚህ ቤት አልተለመደም። ሄራን ነበረች፤ ዓይኗ ቀልቷል።

«አክስቴ፣ እማዬ አንቺ ራስሽ መሄድ ፈለግሽ ነው ያለችኝ።»

«ማንም ጠይቆኝ አያውቅም፣ ሄራንዬ።»

«እኔም አልጠየቅኩሽም» አለች ልጅቷ። እውነት ነበር። ሄራን ሻንጣው ላይ ያለውን ዋንጫ አነሳች፣ ገለባብጣ ጽሑፉን አነበበች። «ይሄ ያንቺ ነው? በመኪናሽ? አንደኛ?»

«አንደኛ።»

«ወይኔ! አንደኛ ነሽ ሲሉሽ ምን አልሽ?»

ደሳለች አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ ብሎን መፍቻውን ጭኗ ላይ አኖረች። ጥያቄውን ለመመለስ ብላ ቀኑን ወደ ኋላ ሄደችበት፤ ሰሌዳው ላይ ያለውን ቁጥር፣ የወደቀውን ኮን፣ ፎቶ አንሺውን።

«ለማን ልበል?» አለች።

ሄራን ዋንጫውን እንደያዘች ቆመች። «ለእኔ ንገሪኝ» አለች በቀጭን ድምፅ። ደሳለች አፏን ከፈተች። ከጠዋት ጀምሮ ወደ ቀኝ እየዞረች ልትናገረው ከነበረው ሁሉ አንዱም አልመጣላትም፤ የት ሄደ?

«ሌላ ቀን» አለች። ግን ጠጋ ብላ አልጋው ላይ ቦታ ለቀቀችላት።